«ጋሼ፣ ውሃ መቅዳት ምን ይጻፋል?»

መስቀል ካለፈ በኋላ ስልኬ እረፍት የለውም። የዘመድ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የጓደኛዬ የእህት ልጅ፣ ሁሉም የሚለኝ አንድ ነው፦ «እስቲ ይቺን ኤሴይ እይልኝ።» አሜሪካ ኮሌጅ የሚያመለክቱ ናቸው፤ ኤሴይ የሚሉት ከማመልከቻው ጋር የሚላከውን፣ ስለራስ የሚጻፈውን ድርሰት ነው። ቀደም ብለው ለሚያመለክቱ የብዙ ኮሌጆች ቀነ ገደብ ኖቬምበር 1 ስለሆነ ጥቅምት የጭንቅ ወር ነው።

የግማሾቹን የመጀመሪያ መስመር ፋይሉን ሳልከፍት ልነግራችሁ እችላለሁ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ ሐኪም ሆኜ ሕዝቤን ማገልገል ነው።» ውሸት ነው አልልም። ግን ስሙን ብትቀይሩት የሌላ ልጅ ኤሴይ ይሆናል። ኮመን አፕ፣ ማለትም ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ፣ የሚፈቅደው ደግሞ ቢበዛ 650 ቃል ነው። ልጆቹ ሁለት መቶውን በመግቢያ ይጨርሱታል።

ዓምና አዲስ አበባ ያለች የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንዲሁ ላከችልኝ። ድህነት አለ፣ አገር አለ፣ ተስፋ አለ። እሷ ግን የለችም። ደወልኩላትና «ትናንት ማታ ምን ስትሠሪ አመሸሽ?» አልኳት።

«ውሃ ስጠብቅ።»

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። ውሃው በፈረቃ ነው፣ እሱም ሌሊት። ግፊቱ ደክሞ እነሱ ጋ ሳይደርስ የሚቀርበት ቀን ብዙ ነው። ልጅቷ ታዲያ ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ በአሮጌ የሒሳብ ደብተር ጀርባ ትመዘግባለች። ቀን፣ ሰዓት፣ ውሃው ከመሄዱ በፊት ስንት ጀሪካን እንደሞላ። የጀመረችው እናቷ በከንቱ ከእንቅልፏ እንዳትነሳ ብላ ነው። ኋላ ጎረቤቱ ሁሉ «ዛሬ ይመጣል?» እያለ በር ማንኳኳት ጀመረ። አንዴ ይመጣል ብላ ቀረ። ልብስ ዘፍዝፈው የጠበቁ ሴትዮ ሳምንቱን ሙሉ ደረጃ ላይ ሰላምታ ነሷት።

«ታዲያ ይሄን ለምን አልጻፍሽውም?»

«ጋሼ፣ ውሃ መቅዳት ምን ይጻፋል?»

አልፈርድባትም። እኛ ቤት ስለራሱ የሚያወራ ልጅ ጉረኛ ነው። ትምህርት ቤትም ድርሰት ሲባል ትልልቅ ቃል መደርደር ነው። ልጆቻችን አገር ጀርባ ቢደበቁ አይገርምም። የኮሌጁ ቅበላ ቢሮ የተቀመጠው ሰው ግን ውጤቷን ትራንስክሪፕቷ (የውጤት ወረቀቷ) ላይ አይቷል፣ ጠባይዋንም ከአስተማሪዋ ደብዳቤ አንብቧል። የቀረው የራሷ ድምፅ ነው።

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያሉት ልጆች ችግር ሌላ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 2023 ኮሌጆች ዘርን ለቅበላ መመዘኛ እንዳያደርጉ ከለከለ። አመልካቹ ዘሩ በኑሮው ላይ ያመጣውን ነገር ቢጽፍ ግን ማየት ይችላሉ። ከዚያ ወዲህ ወላጆች «ኢትዮጵያዊነትህን ጻፍ» ማለት አበዙ። ስንት የቡና ማፍላት ኤሴይ እንዳነበብኩ አትጠይቁኝ። አንዱ ልጅ «የሁለት ባህል ድልድይ ነኝ» ብሎ ጻፈ። ለእናቱ የሚያስተረጉመው እሱ ነው። የትኛው ቃል እንዳስቸገረው ጠየቅኩት። የጤና ኢንሹራንሱ «ዲዳክቲብል» ነው አለኝ። «ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት እኛ የምንከፍለው» ብሎ ቢያስረዳት እናቱ «ታዲያ እሱ ምን ይሠራል?» አለችው። ድልድዩን አስወጣነው። እናቱ ገባች።

በገንዘብ «አንባቢውን የሚያስለቅስ» ኤሴይ እንጽፋለን የሚሉትን አልወዳቸውም። በቻትጂፒቲ ማስጻፍም፣ ኮመን አፕ ራሱ ማጭበርበር ብሎ የቆጠረው ነገር ነው።

የውሃዋ ልጅ ሁለተኛውን ላከች። «ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ 11 ጀሪካን» ብሎ ይጀምራል። ሰላምታ የነሷት ሴትዮም አሉ። አንድ ሁለት ነጠላ ሰረዝ አስተካክዬ መለስኩላት። ማታ ደወለች። አባቷ አንብበውታል፣ መጨረሻው ላይ አገርን ስለማገልገል አንድ አንቀጽ ይጨመር ብለዋል።

«ስንት ቃል ሆነ?» አልኳት።

«648።»

«በቃ፣ ሁለት ቃል ነው የተረፈው በያቸው።»