ከዱርንሽታይን ፍርስራሽ ቁልቁል የሚታየው ቅርስ

ከቪየና በስተ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በዳንዩብ ወንዝ ዳር የምትገኘው ዱርንሽታይን፣ ነዋሪዎቿ አንድ ሺህ የማይሞሉ ትንሽ ከተማ ናት። ከከተማዋ በላይ በተንጠለጠለው ቋጥኝ ጫፍ ላይ፣ ኩዌንሪንግ የሚባሉ መኳንንት በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ፍርስራሽ ቆሟል። ጎብኚ እዚያ የሚደርሰው በእግሩ ነው። አቀበቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢፈጅም ድንጋያማና ቀጥ ያለ በመሆኑ ጉልበት ይፈትናል፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ያንሸራትታል። የጥንቱ የከተማ ቅጥር ከግንቡ ተነሥቶ ቁልቁል እስከ ቤቶቹ ድረስ ስለሚወርድ፣ መንገደኛው ከተማውና ግንቡ በአንድ ገመድ የታሰሩ መሆናቸውን እየተመለከተ ይወጣል።

አብዛኛው ሰው ይህን ዳገት የሚወጣው ስለ አንድ እስረኛ ሰምቶ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ልበ አንበሳ ከ3ኛው የመስቀል ጦርነት ሲመለስ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1192 ማንነቱን ሰውሮ በቪየና አቅራቢያ ሲያልፍ ተያዘ። ያስያዘው የኦስትሪያው መስፍን ሊዮፖልድ 5ኛ ሲሆን፣ በዚያው ጦርነት በአኮ ከተማ ሰንደቁ ተነቅሎ እንዲጣል በመደረጉ ቂም ቋጥሮበት ነበር። ሪቻርድ በዱርንሽታይን ከታሰረ በኋላ ለቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ሄንሪ 6ኛ ተላልፎ ተሰጠ፤ የተጠየቀበት ቤዛም 150,000 ማርክ ብር ደረሰ፤ ነጻ የወጣውም በየካቲት 1194 ነበር። ብሎንዴል የሚባል አዝማሪ ጌታውን ፍለጋ ከግንብ ግንብ እየዞረ ሲያዜም፣ ንጉሡ ከእስር ቤቱ ሆኖ ዜማውን እንደተቀበለው የሚነገረው ግን ውብ አፈ ታሪክ እንጂ በማስረጃ የተደገፈ አይደለም።

እኔም መጀመሪያ የወጣሁት ይህንኑ ታሪክ ይዤ ነበር። ጫፉ ላይ ስደርስ ያገኘሁት ጣሪያ የሌለው ግድግዳ፣ የፈራረሰ ጸሎት ቤትና ነፋስ ብቻ ነው። በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ማብቂያ አካባቢ፣ በ1645፣ የስዊድን ጦር አካባቢውን ይዞ ቆይቶ ሲወጣ ግንቡን አፈራረሰው። ከዚያ ወዲህ ወደ ቀድሞ ይዞታው አልተመለሰም፤ ባይመለስም መልካም ነው እላለሁ። የፈረሰን ግንብ እንደ አዲስ ገንብቶ ለጎብኚ ማሳየት ይገባል የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ነገር ግን እዚህ ቦታ ላይ ጣሪያና መስታወት ቢጨመር የሚታየው የዛሬ ሠራተኛ ሥራ እንጂ የኩዌንሪንጎች ዘመን አይሆንም። የቀረው ግድግዳ እንዳይናድ መደገፉና መንገዱ እንዳይሸረሸር መጠበቁ ይበቃል።

ይሁንና የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ግድግዳው አይደለም። ሰው ከፍርስራሹ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ታች ሲመለከት የዱርንሽታይንን እውነተኛ ሀብት ያገኛል። ዳንዩብ በሰፊው ታጥፎ ያልፋል፤ በውኃው ዳር የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ሰማያዊና ነጭ ማማ ይታያል፤ በግራና በቀኝ ያሉት ተራሮች ደግሞ ከሥር ጀምረው በእርከን ተሸንሽነው በወይን ተሸፍነዋል። ይህ ከሜልክ እስከ ክሬምስ 35 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው የቫኻው ሸለቆ ነው።

እርከኖቹን የያዟቸው ካቦች ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተገጣጠመ የተካቡ ናቸው። እንዲህ መካባቸው ለውበት ብቻ አይደለም፤ የዝናቡ ውኃ በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ ስለሚወጣ አፈሩ አብጦ ካቡን አይገፋውም፤ ቀን ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይም ሙቀቱን ማታ ለወይኑ ይመልሳል። በስንጥቆቹ ውስጥ አረንጓዴ እንሽላሊት ይኖራል፤ የአካባቢው ገበሬዎች ምርጥ ወይን ጠጃቸውን ስማራግድ ብለው የሰየሙት በዚሁ እንሽላሊት ስም ነው። ቁልቁለቱ ለማሽን ስለማይመች ወይኑ የሚለቀመው በእጅ ነው፤ የተናደውም ካብ የሚመለሰው በእጅ ነው። ገበሬው እርሻውን ትቶ ቢሄድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥቋጦ ይወርሰዋል፤ ካቡም እየተናደ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ያን ጊዜ ከግንቡ ላይ የሚታይ ነገር አይኖርም።

ይህ ሸለቆ ዛሬ በዚህ መልክ የተገኘው በዕድል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በቫኻው የኃይል ማመንጫ ግድብ ለመሥራት ታቅዶ ነበር፤ ነዋሪዎቹ ግን ተደራጅተው አጥብቀው በመቃወማቸው ዕቅዱ ቀረ። በኦስትሪያ ምድር ዳንዩብ በአብዛኛው በግድቦች ተቆራርጦ ሳለ፣ ያለ ገደብ ከሚፈስባቸው ሁለት ቦታዎች አንዱ ቫኻው ነው። ይህን የምለው ግድብን በመቃወም አይደለም፤ መብራት ያልገባለት ሕዝብ ያለባት አገር ልጅ ሆኜ እንዲህ ብዬ መናገር አልችልም። የቫኻው ሰዎች ያስተማሩኝ፣ አንድ ቦታ ምን እንደሚያጣ አስቀድሞ መዝኖ መወሰን እንደሚቻል ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ግንቡን ለብቻው ነጥሎ አይደለም፤ ወንዙን፣ እርከኑን፣ ከተሞቹንና ገዳማቱን አንድ ላይ፣ እንደ አንድ መልክዓ ምድር ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በዚሁ መዝገብ የገባው የኮንሶ መልክዓ ምድር ከ400 ዓመታት በላይ ትውልድ ለትውልድ እየተቀባበለ የካበው እርከን ነው፤ ከዱርንሽታይን ቁልቁል እያየሁ መጀመሪያ ትዝ ያለኝም ኮንሶ ነው። ልዩነቱ ለግንቦቻችን ስንደርስ ይመጣል። አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንፍራዝ አቅራቢያ ያሠሩት የጉዛራ ግንብ፣ ከጎንደር ግንቦች የሚቀድም ሆኖ ሳለ፣ ስለ እርሱ ስናወራ የምናወራው ስለ ግድግዳው ነው። ንጉሡ ግን ያን ኮረብታ የመረጡት ከታች የተዘረጋውን ሜዳና የጣናን ሐይቅ ለማየት የሚያስችል ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ። ከኮረብታው ሥር ማንም ያሻውን እየገነባ ዕይታው ቢጋረድ፣ ግድግዳው አንድ ድንጋይ ባይጎድልበት እንኳ ግንቡ ትርጉሙን ያጣል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ በሕግ ሲከለል ወሰኑ በአጥሩ ላይ ማብቃት የለበትም፤ ከግንቡ ላይ የሚታየው ሜዳ፣ ወደ ላይ የሚያወጣው የእግር መንገድና የአካባቢው እርሻ አብረው መካተት አለባቸው። ከጎብኚ የሚገኘውም ገቢ በመግቢያው በር ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ እርከኑን ለሚያድሰውና መንገዱን ለሚጠርገው ገበሬ ድርሻ ሊኖረው ይገባል። ከዱርንሽታይን ስወርድ ከመንገዱ ዳር ካብ የተናደበት ቦታ ላይ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ እያገላበጡ፣ የቱ ከየቱ እንደሚገጥም ይሞክሩ ነበር። በዚያ ቀን ወደ ግንቡ ከወጡት መካከል ቆሞ የተመለከታቸው ግን ጥቂት ሰው ነው።