ሮምን በአንድ ቀን በእግር?

ሮምን በአንድ ቀን በእግራቸው ስላዩ ጥንዶች የተፃፈውን ፅሁፍ አነበብኩት። ጥንዶቹ ከኮሎሲየም ተነስተው እስከ ቫቲካን ሙዚየም በእግራቸው ሲያካልሉት የዋሉት ነገር ደስ ይላል፣ ግን እውነት ለመናገር ፕሮግራሙ ተጨናንቋል። እኔና ባለቤቴም ሮምን በእግራችን ነው ያየናት እና ሙዚየሙን ለሌላ ቀን ብትተዉት ይሻላል፣ እሱ ብቻውን ግማሽ ቀን ይበላል ከዛ በኋላ ለመነታረክ እንጂ ለመጎብኘት አቅም አይተርፋችሁም ሃሃ።

ደሞ ከኮሎሲየም ወደ ቺርኮ ማሲሞ (የጥንቱ የሰረገላ ውድድር ሜዳ) ስትወርዱ ፖርታ ካፔና አደባባይ ጋ ቆም በሉ፣ የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ኢትዮጵያ ከመመለሱ በፊት ቆሞ የነበረው እዛ ፋኦ (የተመድ የምግብና እርሻ ድርጅት) ህንፃ ፊት ለፊት ነው፣ ፀሐፊው ሳይጠቅሰው ማለፉ ገርሞኛል።

ፓንቴዎን፣ ጥንታዊው የሮማውያን ቤተ መቅደስ ላይ ግን አትቸኩሉ በናታችሁ። ጣሪያው መሃል ላይ ወደ 9 ሜትር የሚጠጋ ክብ ቀዳዳ አለ፣ መስታወት የለው ምን የለው፣ ዝናብ ሲመጣ ቀጥ ብሎ ውስጥ ይገባል፣ ወለሉ ደሞ በትንሹ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ውሃው እየተንሸራተተ እብነበረዱ ላይ በተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወርዳል። ባለቤቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ቀረች፣ እኔ ወለሉን ሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ መግቢያው በቲኬት ሆኗል።

ውሃ አትግዙ፣ በየመንገዱ ናዞኒ የሚሏቸው ቧንቧዎች አሉ፣ አፉን በጣት ስትደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ሽቅብ ይፈናጠራል፣ እንደዛ ነው የሚጠጣው። ስፓኒሽ ስቴፕስ የሚባለው ታዋቂ ደረጃ ላይ ግን ደከመን ብላችሁ እንዳትቀመጡ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ያስቀጣል፣ ፖሊሶቹም ፊሽካ ይነፉባችኋል።