ጥንስሱን በረዶ ውስጥ አትዘፍዝፈው

ወንድሜ፣ «የቢራ እርሾ ጥንስስ እንደ ቢራው 18 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት» ብለህ ማግኔት ማማሰያው (ፈሳሹን በማግኔት የሚያዞረው መሣሪያ) ላይ ያለውን ጠርሙስ በበረዶ ከበኸዋል። ብዙ ሰው ይህን ያምናል፣ ግን ልክ አይደለም። ቅዝቃዜው የሚያስፈልገው ለቢራው ነው፤ ሲሞቅ እርሾው ጣዕም የሚያበላሹ ነገሮች ያወጣል። ጥንስሱ ግን አይጠጣም፣ ሥራው እርሾውን ማብዛት ብቻ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ በደንብ ይስማማዋል፣ ስታቀዘቅዘው ይለግማል። እኛ ጅማ ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። የማማሰያው ሞተር ከስር ትንሽ ያሞቃል፣ እሱን ተከታተል፤ ወደ 37 ከተጠጋ እርሾው ይጎዳል። ፍሪጅ የምትፈልገው ከተባዛ በኋላ ነው፣ እርሾው እንዲዘቅጥና ከላይ ያለውን ፈሳሽ እንድትደፋው።