ማስተካከያ፦ ቁጥራቸው ያልተወሰነ አርጊውመንቶችን ለኮንስትራክተር ስለመስጠት

ጅማ ውስጥ ፓይዘን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሚማሩ ጀማሪዎች ቀደም ሲል በተሰጠው ማስታወሻ ላይ፣ አንድ ክላስ (የኦብጀክቶች ንድፍ) የተለያየ ቁጥር ያላቸውን አርጊውመንቶች (ሲጠራ የሚሰጡትን ዋጋዎች) እንዲቀበል፣ ጃቫ በተባለው ሌላ ቋንቋ እንደሚደረገው ብዙ ኮንስትራክተሮችን (ኦብጀክት ሲፈጠር የሚሠሩ የኮድ ክፍሎችን) ደርድሮ መጻፍ እንደሚቻል የተገለጸው ትክክል አይደለም። በፓይዘን የኮንስትራክተርን ሥራ የሚሠራው ኢኒት (__init__) የተባለው ሜተድ በአንድ ክላስ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቢጻፍ የኋለኛው የፊተኛውን ይተካዋል፤ በዚያ ቦታ የስህተት መልእክት ስለማይታይም ተማሪው ችግሩን የሚያውቀው ዘግይቶ፣ ኦብጀክት ለመፍጠር ሲሞክር ነው፤ ይህ ደግሞ ጀማሪን እጅግ ያደክማል።

ትክክለኛው መንገድ አርጊውመንቶቹን ከሚቀበለው ፓራሜትር ስም በፊት አንድ የኮከብ ምልክት (*) ማስቀመጥ ነው። ለምሳሌ የቡና ጭነትን የሚወክል ክላስ፣ ከአቅራቢው ስም ቀጥሎ የእያንዳንዱን ጆንያ ክብደት ኮከብ ባለው ፓራሜትር ቢቀበል፣ 3ም ሆነ 30 ክብደት ቢሰጠው ሁሉንም በአንድ ቱፕል (ሊለወጥ በማይችል ዝርዝር) ይሰበስባቸዋል፤ ምንም ካልተሰጠውም ቱፕሉ ባዶ ይሆናል። ክብደቶቹ አስቀድመው በሊስት የተቀመጡ ከሆነ ክላሱ ሲጠራም ከሊስቱ ስም በፊት ኮከቡ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ሊስቱ በሙሉ እንደ አንድ ክብደት ይቆጠራል። በስም ለሚሰጡ አርጊውመንቶች ሁለት ኮከብ ያስፈልጋል፤ እነዚህም ስምንና ዋጋን አጣምሮ በሚይዝ ዲክሽነሪ ይሰበሰባሉ።

ጃቫም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው ስሪት 5 ጀምሮ ቁጥራቸው ያልተወሰነ አርጊውመንቶችን መቀበልን በሦስት ነጥብ (...) ይፈቅዳል፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ፓራሜትር አንድ ብቻና የመጨረሻው መሆን አለበት።