ከፍተኛ ጠላቂ

ዓርብ ጀማሪ ነበርኩ። እሁድ ማታ «ከፍተኛ» ሆኜ አደርኩ።

ስኩባ ዳይቪንግ፣ ማለትም የአየር ታንክ አዝሎ መጥለቅ፣ ለሚማር ሰው የመጀመሪያው ካርድ ኦፕን ዋተር ይባላል። እስከ 18 ሜትር ያስወርዳል። ለእሱ ባሕር ውስጥ 4 ጊዜ ጠልቄያለሁ። አራተኛውን ጨርሼ ፀጉሬ ሳይደርቅ አሰልጣኜ ትከሻዬን ቸብ አደረገና «አንተማ ተፈጥሮህ ነው፤ አድቫንስድ ግባ!» አለኝ፤ «ከፍተኛ» ማለቱ ነው። ከሩብ ሰዓት በፊት ባሕሩን በአፍንጫዬ ስጠጣ ያየኝ ራሱ ነው። ግን ሙገሳ ማን ይጠላል? ከፈልኩ።

ፓዲ የሚባለው የጠላቂዎች ማሰልጠኛ ድርጅት የሚያስተምረው አድቫንስድ 5 ጊዜ መጥለቅ ነው። አንዱ ጥልቀት፣ አንዱ በኮምፓስ አቅጣጫ ማግኘት፤ የቀሩትን 3 ራስህ ትመርጣለህ። የማጠቃለያ ፈተና የለም። 4 ሲደመር 5፣ 9። መኪና 9 ጊዜ የነዳ ሰው «ከፍተኛ ሹፌር ነኝ» ሲላችሁ አስቡት። ኤስኤስአይ የሚባለው ድርጅት እንኳ ተመሳሳይ ስም ላለው ካርድ 24 ጊዜ ጥለቅ፣ 4 ልዩ ኮርስም ጨርስ ይላል። ጠላቂዎች ፓዲ የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደላቱ «አንድ ዶላር ጨምር» ብለው የሚፈቱት ወደው አይደለም።

የጥልቀቱ ቀን 30 ሜትር ወረድን። አሰልጣኙ ከኪሱ እንቁላል አወጣ። ሰበረው። አስኳሉ ሳይፈስ ድቡልቡል እንዳለ ፊታችን ተንሳፈፈ። በጣቴ ነካ ሳደርገው ሄዶ የጎረቤቴን መነጽር መታ። ቀይ ጓንቴ ግራጫ መስሎ ነበር፤ ቀይ ቀለም እዚያ ድረስ አይወርድም።

እውነቱን ለመናገር ገንዘቡ ሁሉ ባሕር አልገባም። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይኛው 4 እጥፍ ነው፤ ታንኩ ውስጥ ያለው አየርም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል። አየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ደግሞ እንደ መጠጥ ሞቅ ያደርጋል። ይሄን ለብቻ ከማወቅ አሰልጣኝ አጠገብ ሆኖ ማወቅ ይሻላል። እኔን ያናደደኝ ስሙ ነው። «አምስት ተጨማሪ ልምምድ» ቢባል ማን ይገዛዋል?

ደግሞ አያልቅም። ቀጥሎ ሬስኪው የሚባል የነፍስ አድን ኮርስ አለ። ከዚያ 5 ልዩ ኮርስና 50 ጊዜ መጥለቅ የሚጠይቅ ማስተር። ዓሣ ለይቶ የማወቅ ካርድ አለ። ከጀልባ የመጥለቅም አለ፤ ተመልሶ መውጣቱ አብሮ የተካተተ ይመስለኛል።

በሳምንቱ 28 ሜትር ላይ የሰመጠ መርከብ ልናይ ጀልባ ተሳፈርን። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ዕቃቸው የነተበ፣ የጠለቁበትን የሚመዘግቡበት ደብተር ደግሞ ሦስተኛው። ታንኬን አየት አደረጉና «ልጄ፣ ገልብጠህ ነው ያሰርከው» ብለው ራሳቸው አስተካከሉልኝ።

የጀልባው ሰው ካርድ መሰብሰብ ጀመረ። የእኔን አይቶ «አድቫንስድ! እለፍ» አለኝ። የእሳቸው ኦፕን ዋተር ነው።

«ይቅርታ አባት፣ እርስዎ ከ18 ሜትር በታች አይፈቀድልዎትም።»

ስመለስ ጀልባው ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። «ለመሆኑ ኮርሱ ላይ ምን ያስተምራሉ?» አሉኝ።

«እንቁላል ይሰብራሉ» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። ማታውኑ ተመዘገቡ። እንቁላሉን የገዛሁላቸው እኔ ነኝ።