ሁለት ሲስተም፣ ሦስት ሰዓት

አንድ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስንና ኡቡንቱ የሚባለውን ሌላ ሲስተም ጎን ለጎን ልጫን ብዬ የገባሁበት ጣጣ! መጫኑስ አላስቸገረኝም። ዲስኩን ለሁለት ከፈልኩ፣ ፍላሹን ሰካሁ፣ አለቀ። ያንገበገበኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

ኡቡንቱ ላይ ስሠራ ቆይቼ ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ይጠብቀኛል። ለካ ኡቡንቱ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ የሚጽፈው የግሪንዊችን ሰዓት ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአዲስ አበባ ነው ብሎ ያነበዋል። እኛ ማታ 2 ሰዓት የምንለውን ፈረንጅ 8 ይላል፤ ኮምፒውተሬ ደግሞ 5! የቱን ልመን?

ዊንዶውስ ደግሞ ዝጋ ሲሉት በደንብ አይዘጋም። ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለው፤ ግማሽ እንቅልፍ በሉት። በዚህ የተነሳ ኡቡንቱ ገብቼ የዊንዶውሱ የዲስክ ክፍል ላይ ፋይል ላስቀምጥ ስል፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ የለም እባላለሁ። በገዛ ዲስኬ!

እናቴ ኮምፒውተሩን ትከፍትና ቡናዋን ልታይ ትሄዳለች። ሲነሳ «የቱን ሲስተም ልክፈት?» የሚለው ምርጫ የሚጠብቀው 10 ሰከንድ ብቻ ነው። ስትመለስ ኡቡንቱ ተገትሮ ይቆያታል።

«አንተ ልጅ፣ ደግሞ ምን አደረግኸው?»

ይኸው፣ አሁንም እየጠራችኝ ነው።