መጋረጃ የጋረዳት ምድረ ተስፋ

በመጽሐፍ ቅዱስ «ከዳን እስከ ቤርሳቤህ» እያልን የምናነበው አገር በመኪና ከቁርስ እስከ ምሳ ያልቃል። እኔ የምኖረው እስራኤል ውስጥ፣ በዚያ አገር ደቡብ ጫፍ፣ ቤርሳቤህ ነው። ዳን በሰሜን፣ በአርሞንኤም ተራራ ግርጌ ይገኛል። በመካከላቸው ያለው መንገድ አዲስ አበባን ከሐዋሳ ከሚለየው እምብዛም አይበልጥም። የሳሙኤል ነቢይነት የታወቀው፣ ዳዊት ሕዝቡን ያስቆጠረው በዚህችው ምድር ነው። ይህን ስነግራቸው የሚደነቁ ወገኖቼ ብዙ ናቸው። ዳዊት የሚደግሙ፣ ወንጌሉን በቃላቸው የሚወጡ ሰዎች ናቸው። አገሩ ግን በሐሳባቸው ወሰን የለውም፤ ወንዙም ተራራውም ደመና ላይ የተንሳፈፈ ነው።

ባለፈው ፋሲካ አክስቴ ከተሳላሚዎች ጋር መጥታ ስለነበር አብሬአት ዞርኩ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ስንወርድ ፀሐዩ በረታ ተባለና የአውቶቡሱ መጋረጃ በሙሉ ተዘጋ። ከፊት ባለው ቴሌቪዥን የመዝሙር ቪዲዮ ተከፈተ። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 800 ሜትር ከፍታ ካላት ከተማ ተነስተን፣ ከባሕር ጠለል በታች ከ200 ሜትር በላይ ወደምትገኘው ኢያሪኮ በአንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ እየወረድን ነው። ያ በወንበዴዎች እጅ የወደቀው መንገደኛ የሄደው በዚህ ቁልቁለት ነው። ገደሉንና የተራቆተውን ኮረብታ ያየ ሰው ካህኑና ሌዋዊው ለምን ፈርተው እንዳለፉ ሳይነገረው ይገባዋል። «እባካችሁ መጋረጃውን ክፈቱት» ብል አስተባባሪው «ወንድሜ፣ እኛ የመጣነው ለበረከት ነው» አለኝ። ይኸው መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በስንት ዓመት ቁጠባ፣ አንዳንዱም ከብቱን ሸጦ የመጣ ሕዝብ በጨርቅ ተከልሎ አለፈ!

የጎረቤቴ ልጅ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ከትምህርት ቤቱ ጋር ዓዜቃ የሚባለው ኮረብታ ላይ ወጥተው፣ መምህሯ የኤላን ሸለቆ ቁልቁል እያሳየች የጎልያድን ታሪክ ከመጽሐፉ እንዳነበበችላቸው ነገረኝ። ፍልስጥኤማውያን ከምዕራብ ከሜዳው፣ እስራኤላውያን ከምሥራቅ ከደጋው እንደመጡ በጣቱ እየሳለ አስረዳኝ። የእስራኤል ልብ ደጋው ነበር፤ ሴኬም፣ ሴሎ፣ ቤቴል፣ ቤተ ልሔም፣ ኬብሮን ሁሉም በዚያ ተራራማ መስመር ላይ ናቸው። ዛሬ ያ ደጋ ዌስት ባንክ የሚባለው፣ በብዛት ፍልስጤማውያን የሚኖሩበት ምድር ነው። ጋዛ፣ አስቀሎናና አዛጦን ደግሞ ያኔ የፍልስጥኤማውያን ከተሞች ነበሩ። ይህን ሳያውቅ ስለዚያ ምድር ከመድረክ የሚሰብክ አገር ቤት ስንቱ ነው?

መጽሐፉ ራሱ ወሰኑን በአንድ መስመር አይዘጋም። በዘፍጥረት 15 ተስፋው ከግብፅ ወንዝ እስከ ኤፍራጥስ ይዘረጋል፤ በዘኍልቍ 34 የምሥራቁ ድንበር ዮርዳኖስ ነው፤ ሮቤልና ጋድ ግን ከዮርዳኖስ ማዶ ሰፈሩ። አብርሃም ሁሉ ተሰጥቶሃል ከተባለ በኋላ ሚስቱን ለመቅበር ዋሻ በ400 ሰቅል ብር ገዛ። ዘዳግም ደግሞ ምድሪቱ እንደ ግብፅ በመስኖ የምትጠጣ ሳትሆን የሰማይን ዝናብ የምትጠብቅ መሆኗን ይናገራል። ክረምት እየጠበቀ ያደገ የእኛ ገበሬ ይህን ከማንም ይበልጥ ይረዳው ነበር፤ የሚያሳየው ግን አላገኘም። ዘሌዋውያን 25 ላይም እግዚአብሔር ምድር የእኔ ናት፣ እናንተ በእኔ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች ናችሁ ይላል። ይህን ቃል ደግሞ እዚህ አገር በየቢሮው ደጃፍ ተለጥፎ ማየት እወዳለሁ። ፈቃዴን ለማሳደስ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፌ፣ መስኮቱ ጋ ስደርስ ቀና ብላ ሳታየኝ «ሌላ ቀን ና» ያለችኝ ሠራተኛ መጽሐፏን በትምህርት ቤት ሳታነብ አልቀረችም። ቦታውን ማወቅ ብቻውን ለእንግዳ አክብሮት እንደማይሰጥ ያን ቀን አይቻለሁ።

ቢሆንም «ለበረከት ነው የመጣነው» የሚለውን አልቀበልም። አባቶቻችን ለቦታው ግድ ነበራቸው። ላሊበላ ላይ ዮርዳኖስንና ጎልጎታን በዓለት የፈለፈሉት፣ አገራችን ላይ ደብረ ታቦርንና ደብረ ዘይትን የሰየሙት፣ በእግራቸው በረሃ አቋርጠው ኢየሩሳሌም ያለው ገዳማችን ዴር ሱልጣን የደረሱት እነርሱ ናቸው። የጎንደር ቤተ እስራኤላውያንም ለዘመናት ሲጸልዩ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ኢየሩሳሌም ነው።

ለሚመጣው ፋሲካ ጉዞ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ ተሳላሚ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ካርታ ስጡ። በኢያሪኮ ቁልቁለት አውቶቡሱን ሩብ ሰዓት አቁሙና የሉቃስን ምዕራፍ 10 እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ለገበያ ሁለት ሰዓት ስትመድቡ አይቻለሁና ጊዜ የለንም አትበሉ።